አንድ ጭረት፣ አራት ጭረት፦ የጋሼ የሾትገን ቾክ እንዴት ተመረጠ

እትዬ የቡና ሲኒ ከፊታቸው አስቀምጠው ሥጋ ይበልታሉ። ጣታቸው ከደረቱ ውስጥ ጥቁር የጥይት ፍሬ ባገኘ ቁጥር ሲኒው ውስጥ ይጥሏታል፤ ጠቅ ትላለች። እኔ በሩ ላይ ጭቃ የያዘ ጫማዬን እየፈታሁ ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ሦስት ደረስኩ። ከአንድ ወፍ።

«ይኼን ምን ላድርገው?» አሉ ቀና ብለው። «ወጥ ውስጥ ብጨምረው የሰው ጥርስ ይሰብራል። ብጥለው ደግሞ ነፍስ ነበር።»

ጋሼ ሳሎን ተቀምጠው ሰምተዋል፤ መልስ ግን አልሰጡም። እሳቸውን ያንገበገባቸው ሲኒው ውስጥ ያለው ወፍ ሳይሆን ሜዳ የቀረው ነው። የዚያኑ ቀን ጠዋት ሌላ አውራ ወፍ 40 ሜትር ገደማ ላይ ሁለተኛውን ጥይት ቀምሶ፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ፊላው ውስጥ ወርዷል። ውሻዬም እኛም ከአንድ ሰዓት በላይ ፈልገን አጣነው። ጋሼ የተኮሱት ወፍ ሲወድቅ ደርሰው በስመ አብ ብለው በቢላ ካልባረኩት ወደ ቤት የማያስገቡ ሰው ናቸው። ቆስሎ የሄደ ወፍ ለእሳቸው የተበላሸ ምሳ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

የዚህ ጉዳይ ጥያቄ የተነሳው ከዚያ ቀን ነው። አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ተኳሽ፣ አንድ ዓይነት ጥይት በአንድ ጠዋት አንዱን ወፍ እንዴት ያደቀዋል፣ ሌላውን እንዴት አቁስሎ ይለቀዋል?

ቦታው የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ነው፤ ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወጡ የበቆሎ እርሻ፣ ረጅም ሣርና ፊላ የሞላበት ረግረግ የሚፈራረቅበት አገር። ወፉ ፌዛንት ይባላል። የቆቅ ዘመድ ነው፤ ቁመናው የዶሮ ያህል፣ ጅራቱ ረጅም። አገሩ እስያ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ በደንብ የተራባው እ.ኤ.አ. በ1881 ከቻይና ወደ ኦሪገን ከመጣ በኋላ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የሚታደነው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቷን መምታት ክልክል ነው። የአደኑ ወራት በጥቅምት መጀመሪያ ገደማ ይከፈትና በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን ይዘጋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይተኮስም። ወራቱ የሚዘጋበትን ቀን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጋሼ 58 ዓመታቸው ነው። ጎጃም ገጠር ተወልደው ያደጉ፣ ዛሬ የከተማ አውቶቡስ የሚነዱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አባታቸው ምንሽር ሲሰጧቸው አብረው የሚሰጧቸው ጥይት አንዲት ብቻ ነበረች። በአንዲት ጥይት የተማረ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም፤ እንደ ጋሼ ረጋ ብሎ ቃታ የሚስብ ሰው ብዙ አላየሁም። ሾትገን፣ በአንድ ጥይት ብዙ ፍሬ የሚበትነውን ጠመንጃ፣ ግን የገዙት በቅርቡ ነው። ያገለገለ፣ ካሊበር 12፣ አንዱ አፈሙዝ በሌላው ላይ የተደራረበ፣ ከአምስት ቾክ ጋር። ቾኮቹ በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ተደርድረው ነው የመጡት።

ቾክ ማለት የሾትገን አፈሙዝ ጫፍ ላይ ያለው ጠበብ ያለ ቦታ ነው፤ ሲጠብ ፍሬው ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ሲከፈት ይበተናል። በድሮ ጠመንጃ ከአፈሙዙ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ በዛሬዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ብሎን የሚጠብቅና የሚፈታ አጭር ቱቦ ነው። የካሊበር 12 አፈሙዝ ውስጡ 18.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስኪት የሚባለው ቾክ ከዚህ ላይ ወደ 0.13 ሚሊሜትር ያጠብባል፤ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ሩብ ሚሊሜትር፣ ሞዲፋይድ ግማሽ ሚሊሜትር፣ ፉል 0.9 ሚሊሜትር ገደማ። የኪስዎን መንጃ ፈቃድ አውጥተው ጠርዙን ይዩት፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። ሁሉም ወፍ አዳኝ ዕድሜ ልኩን የሚከራከርበት ልዩነት ከዚያ ካርድ ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ይህችን ታህል ጥበት ማን ቀድሞ አሰባት የሚለው ክርክርም አላለቀም። አሜሪካዊው ሲልቬስተር ሮፐር እ.ኤ.አ. በ1868 የሚፈታ ቾክ በስሙ አስመዝግቧል፤ የኢሊኖይ ዳክዬ አዳኝ ፍሬድ ኪምብል የእኔ ነው ይል ነበር፤ ለዓለም ያስተዋወቀው ግን የቢርሚንግሃሙ ጠመንጃ ሠሪ ዊሊያም ግሪነር ነው።

ቾክ የሚለካው በወረቀት ላይ ነው። ከ40 ያርድ፣ ማለትም ከ37 ሜትር ግድም፣ ትልቅ ወረቀት ላይ ይተኮሳል፤ ፍሬው በብዛት ባረፈበት ዙሪያ 76 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሠመራል፤ ክቡ ውስጥ የገባው ፍሬ ይቆጠራል። ቾክ የሌለው አፈሙዝ ከመቶ 40 ያህሉን፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50፣ ሞዲፋይድ 60፣ ፉል 70 ያስገባል ተብሎ ይጠበቃል። ይጠበቃል እንጂ ግዴታ የለበትም። ጥይቱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

ጋሼን በጠመንጃው ያስጀመርኳቸው እኔ ነኝ። ክረምቱን በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን የሸክላ ዒላማ እንተኩስ ነበር። ሸክላ ይባላል እንጂ የዛሬው ዒላማ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከዝፍት ነው፤ 11 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ትንሽ ሰሃን። ሁለት ዓይነት ጨዋታ ነበረን። ትራፕ ሲሆን ዒላማው ከፊታችን ተነስቶ እየራቀ ይሄዳል፤ ተኳሽ የሚደርስበት 30 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስኪት ሲሆን ከግራና ከቀኝ ከሁለት ቤቶች እየወጣ ፊታችንን ያቋርጣል፤ ርቀቱ 19 ሜትር ግድም ነው።

በትራፕ ጋሼ ከ25 ውስጥ 15 ያህል ይመቱ ነበር። ለጀማሪ መልካም ነው። በስኪት ግን ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ቢበዛ አሥር። ከሁሉ የሚገርመው አመታታቸው ነበር። ያገኙት ዒላማ አይሰነጠቅም፣ አይከፈልም፤ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይጠፋል። ጋሼ ጭሱን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። «አየህ? ክፍቱ ቾክ እንዲህ ካደረገው ጠባቡ ምን ሊያደርገው ነው!» ይሉኛል። እኔም አብሬ ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ በግልጽ ልጻፍ። ስኪት ላይ ጭስ በጭስ የሚያደርግ፣ ነገር ግን ከሦስት ሁለቱን የሚስት ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ጠመንጃውን አስከፍቼ ቾኩን ማየት ነበር። ያ ጭስ የጥሩ አመታት ምልክት አልነበረም። ፍሬው ሁሉ አንድ ቦታ ታጉሮ እንደሚሄድ የሚናገር ምልክት ነበር። ክረምቱን ሙሉ ፊቴ ላይ ሲጨስ አላነበብኩትም። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ስፖርት የቆየሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ አይደሉም።

ያ የሲኒው ቀን ካለፈ በኋላ ሦስት ጊዜ አብረን ወጣን። በእነዚህ ቀናት ጠመንጃ የያዙት ጋሼ ብቻ ናቸው፤ እኔ የያዝኩት የርቀት መለኪያና ማስታወሻ ደብተር ነው። ጋሼ ሲተኩሱ ባሉበት ይቆማሉ፤ እኔ ላባው የወደቀበት ወይም ወፉ የተነሳበት ድረስ ሄጄ ወደ እሳቸው እለካለሁ። አሥራ አንድ የመጀመሪያ ጥይቶች ተመዘገቡ፤ በሜትር 14፣ 17፣ 17፣ 19፣ 20፣ 22፣ 22፣ 25፣ 27፣ 33፣ 41። ጋሼ ራሳቸው ከመለካታችን በፊት «ሁሉም ከሠላሳ በላይ ነው» ብለው ነበር። ወፍ ከእግር ሥር ቡርር ብሎ ሲነሳና ልብ ሲደነግጥ ርቀት ይረዝማል። ሁላችንም ላይ ይደርሳል። የቾክ ምርጫ በግምት መሆን የሌለበትም ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ግን ነገሩን አልፈታልኝም። ጋሼ የሚሉኝ የመጀመሪያው አፈሙዝ ላይ ክፍቱ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር፣ ሁለተኛው ላይ ፉል እንዳለ ነው። እንደዚያ ከሆነ ቅርቡ ወፍ ሊደቅ፣ ሩቁ ሊቆስል አይገባም። የሚጠበቀው ተቃራኒው ነው።

በቀጣዩ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የወረቀት ቀን አደረግን። ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ጥቅል ገዛሁ፤ እንጨት ላይ ወጠርን። መጀመሪያ 18 ሜትር ላይ የታችኛውን አፈሙዝ አስተኮስኳቸው። በተደራራቢ ጠመንጃ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚተኩሰው የታችኛውን ነው፤ ግፊቱ ቀጥ ብሎ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ ለሁለተኛው ጥይት አያናጋም። ወረቀቱ ዘንድ ስንደርስ መካከሉ ተቀዷል። ፍሬው ከሞላ ጎደል በሙሉ 40 ሳንቲሜትር በማይሞላ ክብ ውስጥ ገብቷል፤ የድፎ ዳቦ ያህል። ቀጥሎ 37 ሜትር ላይ የላይኛውን። እዚያ ደግሞ ሳሳ ብሎ ወረቀቱን ሁሉ ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ቾኮቹን ይፍቱልኝ» አልኳቸው። ጠመንጃውን ከፍተው ባዶ መሆኑን አሳዩኝና ሁለቱንም ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የታችኛው ጠርዙ ላይ አንድ ጭረት አለው። የላይኛው አራት።

«ለምንድነው አንዱን ከታች ያደረጉት?»

«አንድ ጭረት ለአንደኛው አፈሙዝ ነዋ» አሉኝ፣ ግልጽ ነገር እንደሚጠየቅ ሰው።

ቾኮቹ ላይ ስማቸው አልተጻፈም፤ የሚለያቸው ጭረቱ ብቻ ነው። በብዙ ፋብሪካዎች ልማድ አንድ ጭረት ከሁሉም የጠበበው ፉል ነው፤ ጭረቱ እየበዛ ሲሄድ ቾኩ እየተከፈተ ይሄዳል። አራት ጭረት ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ጋሼ እንዳሰቡት ቢያስብ አልፈርድበትም፤ እንዲያውም የእሳቸው ግምት ከፋብሪካው አሠራር ይልቅ ለአእምሮ ይቀርባል። እናም ወሩን ሙሉ የጠበበው ፉል ቅርቡን ወፍ ሲያደቅ፣ የተከፈተው ደግሞ ሩቁን ሲያቆስል ኖሯል። ክረምቱን በስኪት የተኮሱትም በፉል ነበር።

ቦታ ማለዋወጥ ብቻውን ግማሹን ችግር ይፈታ ነበር። እኔ ግን ፉሉን ጭራሽ እንዲያወጡት ፈለግኩ፤ ክርክሩ የመጣው እዚያ ላይ ነው። ጋሼ እንቢ አሉ። «የሚገድለው ጠባቡ ነው። የሚበተን ነገር ምን ጉልበት አለው?» የምንሽር ሰው ንግግር ነው፤ በምንሽር ልክ ነበር። ቾክ ግን ለፍሬው ጉልበት የሚጨምረው ነገር ይህ ነው የሚባል አይደለም። አንዲት ፍሬ በፉል ወጣች በስኪት፣ ወፉ ላይ ስትደርስ የምትመታው በዚያው ኃይል ነው ማለት ይቻላል። የሚለወጠው ጓደኞቿ ምን ያህል እንደሚርቋት ነው። ፌዛንት በንጽሕና እንዲወድቅ አራት አምስት ፍሬ ደህና ቦታ ላይ ማረፍ አለበት፤ ሃያ ሦስቱ ትርፍ ነው፣ ሁለቱ ጉድለት።

ይህን ብዬ ብዬ አልተቀበሉኝም። ከካርቶን የፌዛንት ገላ የሚያህል ቅርጽ ቆረጥኩ፤ ጅራቱን ትቼ። ከዚያ በተተኮሰው ወረቀት ላይ እያንሸራተትኩ ከአምስት ፍሬ በታች የሚያርፍበት ቦታ መኖሩን እየፈለግን ሄድን። ከየቾኩ ሦስት ሦስት ጊዜ ተኩሰናል። የጋሼ ጥይት 35 ግራም ቁጥር 6 እርሳስ ነው፤ ውስጡ 280 ያህል ፍሬ አለ። በ37 ሜትር ፉል በአማካይ 203 ፍሬ ክቡ ውስጥ አስገባ፤ ሞዲፋይድ 172፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 146። በኢምፕሩቭድ ሲሊንደሩ ወረቀት ላይ ካርቶኑ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ የሚያርፍበት ሰፊ ባዶ ቦታ አገኘን፤ ያ የጠፋው አውራ የገባበት ቀዳዳ ነው። በ27 ሜትር ግን ያው ቾክ እንከን አልነበረውም። ሞዲፋይዱ በ37 ሜትርም አንድም የሚያሰጋ ባዶ ቦታ አላሳየንም።

ጋሼ 18 ሜትር ላይ የተተኮሱትን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አንጥፈው ብዙ ቆዩ። አንዱ ድፎ ዳቦ፤ ሌላው ከእንጀራ ሰፋ ብሎ እኩል እኩል የተረጨ። ከዚያ ተንበርክከው በመዳፋቸው የድፎውን ወረቀት ሸፈኑት።

«አባቴ ጤፍ ሲዘራ እፍኙን እንዲህ አያራግፈውም ነበር» አሉ። «አንዱ ጋ ጎፍሮ ሌላው ጋ መላጣ ይሆናላ። ለካስ ይኼ ዘር ነው እንጂ ጥይት አይደለም።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔ የለኝም፤ ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ሳስተምርም የምጠቀመው በእሱ ነው።

አሁን በልብ ይያዝልኝ ወዳልኩት ቀንና ወደ ጋሼ ጾም ልምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የወሰነው እሱ ነው። ለጋሼ «ኢምፕሩቭድ ሲሊንደርና ፉል አድርግ» ብሎ የመከራቸው ሰው ጎበዝ አዳኝ ነው፤ ምክሩም ውሸት አልነበረም። ግን እሱ የሚያድነው ታኅሣሥ ላይ ነው። በዚያ ወቅት በረዶው ወድቋል፣ የዋሁ ወፍ አልቋል፣ የተረፈው ወፍ ገና የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቶ ከሩቅ ይነሳል። ለእሱ 40 ሜትር የተለመደ ርቀት ነው። ጋሼ ግን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ጠመንጃቸውን ዘይት ቀብተው ያስቀምጣሉ፤ በጾም ደም አያፈሱም። ጾሙ የሚፈታው በገና ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7። የፌዛንት ወራት የሚዘጋው ደግሞ ጃንዋሪ 1። ስለዚህ የጋሼ የአደን ወራት በሙሉ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር 14 ነው፤ ወፉ ገና ሣር ውስጥ የሚያደፍጥበት፣ ከውሻው አፍንጫ ሥር የሚነሳበት ጊዜ። ደብተሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች የእሳቸው ወራት ቁጥሮች ናቸው። ታኅሣሥ ጭራሽ አይደርስባቸውም። ለሌላ ሰው ወራት የሚሆን ቾክ ይዘው ሲወጡ ነበር።

አንድ ጉዳይ ቀረ፤ የፍሬው ዓይነት። የምናድንባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ የፌዴራሉ መንግሥት የውሃ ወፍ መራቢያ መሬቶች ናቸው፤ እዚያ በእርሳስ መተኮስ አይፈቀድም፤ ለፌዛንትም ቢሆን። እርሳስ ዳክዬ ውጦት ስለሚመረዝ አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ ለውሃ ወፍ አደን በመላ አገሪቱ ከልክላዋለች። ጋሼ ቦታ እየመረጡ ሁለት ዓይነት ጥይት ይይዙ ነበር። እኔ አንድ ብቻ፣ የብረት ፍሬ ያለውን እንዲይዙ መከርኳቸው፤ የሕጉን ያህል የእትዬ ሲኒም ታስቦኝ። ልጆች የሚበሉበት ማዕድ ላይ እርሳስ መቅረቱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ብረት ሲገባ ግን የቾኩ ሒሳብ ይለወጣል። ብረት ጠንካራ ነው፤ አፈሙዝ ውስጥ ሲያልፍ እንደ እርሳስ አይጨፈለቅም። ያልተጨፈለቀ ፍሬ ቀጥ ብሎ ይበራል፤ ብትኑም ይጠባል። በሌላ በኩል ከእርሳስ ቀላል ስለሆነ ኃይሉ ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ተለቅ ያለ ፍሬ ይመረጣል። የፍሬ ቁጥር ሲያንስ ፍሬው እንደሚተልቅ ያስታውሱ። 32 ግራም ቁጥር 3 ብረት ወስደን በሞዲፋይድ ስንተኩስ ከመቶ 74 ያህሉ ክቡ ውስጥ ገባ፤ እርሳሱ በፉል ካስገባው በለጠ። ፉሉ ቱቦ ላይ ደግሞ በብረት እንዳይተኮስበት የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ማጉያ መነጽር ይዘን ነው ያነበብነው። ትልልቅ የብረት ፍሬ በጠባብ ቾክ ማስወጣት ቱቦውን ሊያሳብጥ፣ አፈሙዙንም ሊጎዳ ይችላል። እዚህ ላይ ጋሼ ስለ ፉል የሚሉት ነገር አለቀ።

የተወሰነው እንዲህ ነው። ለአደን ከታች ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር፣ ከላይ ሞዲፋይድ፣ ጥይቱ ቁጥር 3 ብረት፤ ከ35 ሜትር በላይ የተነሳ ወፍ አይተኮስም። ለስኪት ስኪት ቾክ። ለትራፕ መጀመሪያ ያው ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ይበቃል ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ጋሼ በትራፕ ከ15 ወደ 12 ወረዱ። ረጋ ብለው ስለሚተኩሱ ዒላማውን የሚያገኙት ከራቀ በኋላ ነው፤ በስህተት የገባው ፉል ለትራፕ ሳይታሰብ ደህና ቾክ ሆኖላቸው ኖሯል። ሞዲፋይድ ስናስገባ 16 እና 17 መጣ።

በስኪት የመጀመሪያው ቀን 13 መቱ፤ ነገር ግን ቅር ብሏቸው ነበር። ዒላማው ጭስ መሆኑ ቀርቶ ለሁለትና ለሦስት እየተከፈለ ገሉ ይወድቃል። «ይኼማ ተሰነጠቀ እንጂ መች ተመታ!» አሉኝ። በሕጉ ግን የምትታይ አንዲት ገል ከዒላማው ከተለየች ተመትቷል፤ ጭሱ ተጨማሪ ነጥብ የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ 18 ደረሱ። ይህን ሁሉ ቾኩ አመጣው አልልም። ግማሹን ያመጣው ልምምድ ነው፤ ጋሼ ቃታ ሲስቡ ጠመንጃውን እንደ ምንሽር የማቆም ልማድ ነበራቸው፤ ለሚሮጥ ዒላማ እጅ መቆም የለበትም። እሱን ለማስተው ሰፊው ብትን ረዳ፤ በመጠኑ ቢዘገዩም ስለሚያገኙት ድፍረት አገኙ።

ቾክ ሲለዋወጡ ከእኔ ጋር የተስማሙበት አንድ ሥርዓት አለ። ጠመንጃው ይከፈታል፣ ሁለቱም አፈሙዝ ባዶ መሆኑ በዓይን ይታያል፣ ቱቦው ከነጥርሱ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ስስ ቅባት ይቀባል፣ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ ሲተኮስ ሊላላ ስለሚችል በየመሃሉ በድጋሚ ይነካል። የላላ ቱቦ አፈሙዝ ሲሰነጥቅ አይቻለሁ።

በሁለተኛው ወራት ጋሼ አምስት ቀን ወጡ። ሰባት አውራ ወደቀላቸው። አንዱ ክንፉን ብቻ ተመትቶ ፊላው ውስጥ ሮጠ፤ ያኛውን ግን ውሻው አወጣው። ያልተገኘ አንድም የለም። ኅዳር 14 ቀን የመጨረሻዋ ጉዟችን ነበረች፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ አሮጌ አውራ ጅራቱን እየጎተተ ከበቆሎው ጫፍ ተነሳ። ጋሼ ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ አደረሱት፣ ተከተሉት፣ ከዚያ ዝቅ አደረጉት። መለኪያውን አውጥቼ የተነሳበትን ሳየው 46 ሜትር።

«ይሂድ» አሉ። «እሱ የታኅሣሡ ሰው ነው።»

ፉሉን ታኅሣሥ ላይ ለሚያድነው ለዚያው መካሪያቸው አዋሱት። የእሱም ጠመንጃ ከዚያው ፋብሪካ ነው፤ የቱቦው ጥርስ አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድመን አረጋግጠናል፤ የአንዱ ፋብሪካ ቾክ በሌላው አይገባምና። እሱ እርሳስ በሚፈቀድበት የገበሬ መሬት ላይ ስለሚያድን ቁጥር 5 እርሳስ ነው የሚተኩስበት።

የዚያን ዕለት ማታ እትዬ ቤት ስገባ ሲኒው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አሁን ሥጋውን ከበለቱ በኋላ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔት አንስተው ቀስ አድርገው ይዳብሱበታል፤ ብረት ስለሆነ የተደበቀው ፍሬ ሁሉ እየተጎተተ ይወጣል። ጫማዬን ሳልፈታ ጎንበስ ብዬ ሲኒውን አየሁት። ሦስት ፍሬ። ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነበር፤ እትዬም ሌሊቱ ጾም ሳያስገባብን ወጡ እንዲደርስ ቶሎ ቶሎ ያማስላሉ።